የጦር ካሳውና ባሕር ዳር

ስለ ባሕር ዳር ከተማ አመሠራረት ሲነሣ ሁላችንም የምንጠራው ጣናን፣ ዓባይንና ባሕር ዳር ጊዮርጊስን ነው። ልክ ነው። ነገር ግን ፋብሪካና የትምህርት ተቋም ያለው የዛሬው ባሕር ዳር ከታሪኩ ከፊሉ የተወሰነው ፓሪስ ላይ ነው። ነገሩ ከአምስቱ ዓመት የኢጣልያ ወረራና ከዚያ በኋላ ከመጣው የውጭ ግንኙነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት ላስረዳ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አገሪቱ ነፃ ወጣች ይባላል እንጂ ወዲያውኑ በራሷ እጅ አልገባችም። ጠላትን ለማስወጣት የረዳው እንግሊዝ ቤቱን ለቆ አልወጣም ነበር። በጥር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ በክብር እንዲቀድም ተደረገ፤ አማካሪዎቹ መንግሥት ውስጥ ገቡ፤ የባቡሩ ሐዲድና ኦጋዴን በእንግሊዝ ጦር ሥር ቀሩ። ገበያው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና ጠገራ ብር ጎን ለጎን ይዘዋወሩ ነበር። በታኅሣሥ 1937 ውሉ ሲሻሻል ነገሩ ቀለል አለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም የራሳችን ብር ወጣ። ኦጋዴንና ሐውድ ግን ተጠቃለው እስኪመለሱ 1947 ዓ.ም. ደረሰ።

አሁን ወደ ካሳው ልምጣ። መንግሥታችን ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበው ዝርዝር የሞተው ሰው 760,300፣ የጠፋው ቤት 525,000፣ የወደመው ቤተ ክርስቲያን 2,000 ተብሎ ነበር። የጠየቀው ካሳ ከ184 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ740 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ እንድትከፍል የተወሰነው ግን 25 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሆነ። በዚሁ ውል ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን ተወስኗል። የሒሳብ ክፍል ጓደኞቻችን ሊያመሳክሩት ይችላሉ፤ ለእኛ የደረሰን ከጠየቅነው ከመቶ ሦስት እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የተዘረፉ ቅርሶችም በ18 ወር ውስጥ ይመለሱ ተብሎ ነበር። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው! ውሉ በተፈረመበት ዓመት የተወለደ መምህር ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

ያችው 25 ሚሊዮንም ሳትከፈል ዓመታት አለፉ። በየካቲት 1948 ዓ.ም. በተደረሰው ስምምነት ወደ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ አለች። ገንዘቡ ወደ ልማት ሥራ ዞረ፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚህ ነው። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የዚሁ የጦር ካሳ ውጤት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ ካሳ ማለት ሽማግሌ ተቀምጦ ገዳይ ወገን ለሟች ወገን የሚከፍለው ነው። ተቀባዩ ማን እንደሆነ ይታወቃል። በዚህኛው ካሳ ግን የተቀበለው መንግሥት ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበት ባላገር ድርሻው የት እንደገባ አላየም። ታዲያ ቢከፋፈልስ ኖሮ? 16.3 ሚሊዮኑ ለሟቾቹ ቤተሰብ ቢታደል ለአንድ ሟች 21 ዶላር ገደማ፣ በጊዜው ብር ሃምሳ ያህል ይደርሰዋል። አንድ ክረምት አያሻግርም። ስለዚህ ፋብሪካው መሠራቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ሥራ ሆኗል፣ ከተማ ሆኗል። ግን የማን ደም ዋጋ እንደሆነ ለሕዝቡ በግልጽ ሊነገረው ይገባ ነበር።

ምክንያቱም ጎጃም በእነዚያው ዓመታት የሰማው ሌላ ነገር ነው። ከድል ማግሥት አዲስ የመሬት ግብር መጣ፤ ባላገሩም በ1934 ዓ.ም. ጀምሮ እምቢ አለ። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ እንደገና ሸፈተ። ጠላትን እንቅልፍ ነስቶ የከረመው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ፤ ለጠላት አድረው ከነበሩት ደግሞ ሹመት ያገኙ ነበሩ። ይኼ ቅሬታ በየቤቱ ሲወራ የኖረ ነው። ከኢጣልያኖቹም ብዙ ባለሙያ እዚሁ ቀርቶ ጋራዥና ወርክሾፕ ከፍቷል፤ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ቃላት የእነሱ ናቸው።

የውጭ ግንኙነቱስ? በ1928 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ሳያድነን የቀረበት ነገር አልተረሳም ነበር። ስለዚህ መንግሥት በአንድ በኩል በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃን በተባበሩት መንግሥታት ስም ወደ ኮሪያ ላከ፤ በሌላ በኩል አንድ ወዳጅ ብቻ ላለመያዝ ተጠነቀቀ። ይኼን ለማየት ከባሕር ዳር መውጣት አያስፈልግም። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የዓባይን ተፋሰስ ያጠኑት አሜሪካኖች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ከጎበኙ በኋላ ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ። የፔዳጎጂ አካዳሚው ደግሞ በ1965 ዓ.ም. ግድም በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ተመሠረተ። ሁለቱ ተቋማት በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ባለ ባጃጁ ግን ዛሬም «ፖሊ ነህ ፔዳ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።