የባለሁለት ብረት እምብርት-ቅርፊት ናኖቅንጣቶች ሙቀትን የመቋቋም ባሕርይ

እምብርት-ቅርፊት ናኖቅንጣት ከአንድ ብረት የተሠራ እምብርት እና እርሱን የሚሸፍን የሌላ ብረት ቅርፊት አለው። አንዱ ዓላማው ቁጠባ ነው። በነዳጅ ሴል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጡ የሚካሄደው በካታሊስቱ ገጽ ላይ በመሆኑ፣ ውድ የሆነው ፕላቲነም በውስጥ መቀመጡ ብክነት ነው። ስለዚህ ርካሽ እምብርት በስስ የፕላቲነም ቅርፊት ይሸፈናል። ጥቅሙ የሚዘልቀው ግን ሙቀት ቅርፊቱን ከስፍራው እስካላናጋው ድረስ ነው። ይህን የሚወስኑት በዋናነት ሦስት ጉዳዮች ናቸው።

የመጀመሪያው መጠን ነው። 147 አቶሞች ባሉት ባለሃያ ገጽ ቅንጣት ውስጥ 92ቱ፣ ማለትም 63 በመቶ ያህሉ፣ የሚገኙት በውጭው ገጽ ላይ ነው። የገጽ አቶሞች ጎረቤቶቻቸው ጥቂት በመሆናቸው ትስስራቸው የላላ ነው። በመሆኑም በጥቅሉ በ1064 ዲግሪ ሴልሲየስ የሚቀልጠው ወርቅ፣ ስፋቱ ከ3 ናኖሜትር በታች ሲሆን የመቅለጫ ነጥቡ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ዝቅ ይላል። የአቶሞች መዘዋወር ደግሞ ከመቅለጥ አስቀድሞ ይጀምራል።

ሁለተኛው የገጽ ኢነርጂ ነው። የፕላቲነም በካሬ ሜትር 2.5 ጁል፣ የወርቅ ደግሞ 1.5 ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ የወርቅ እምብርት በፕላቲነም ተሸፍኖ ሲሞቅ ወርቁ ወደ ውጭ ይወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበት አካባቢ ግን ጋዙ ከፕላቲነም ጋር አጥብቆ ስለሚጣመር ዝንባሌው ሊገለበጥ ይችላል።

ሦስተኛው የመደባለቅ ዝንባሌ ነው። ወርቅና ብር በጠጣር ሁኔታ በማናቸውም መጠን ስለሚደባለቁ፣ ሙቀት ድንበራቸውን አጥፍቶ ቅይጥ ያደርጋቸዋል። መዳብና ብር በአንጻሩ እምብዛም አይደባለቁም፤ የብር የገጽ ኢነርጂም ዝቅተኛ ስለሆነ የመዳብ እምብርትና የብር ቅርፊት ተስማሚ ጥምረት ይመስላሉ። ሆኖም የሁለቱ የክሪስታል ስፋት ልዩነት 12 በመቶ ያህል በመሆኑ በድንበራቸው ላይ ውጥረት አለ። ሲሞቅ ብሩ ወደ ጠብታ መሰል ጉብታዎች ሊሰበሰብና መዳቡን ለኦክሳይድ ሊያጋልጥ ይችላል። አለመደባለቅ ብቻውን ለጽናት ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ ግልጽ ነው። ብዙዎቹ አወቃቀሮች የሚቆዩት አቶሞቹ ለመንቀሳቀስ የሚያስችላቸው ሙቀት ስላላገኙ እንጂ በተፈጥሯቸው የተረጋጉ ስለሆኑ አይደለም። ስለሆነም በክፍል ሙቀት የተነሳ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስል የዝግጅቱን ስኬት እንጂ የቅንጣቱን ዕድሜ አያረጋግጥም፤ ምርመራው ቅንጣቱ በሚሠራበት ሙቀትና ጋዝ ውስጥ ሊከናወን ይገባል።