ስለ ኢንሱሊንና ስለ ሰውነት መቆጣት

የስኳር በሽታ ማለት በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በላይ የሚበዛበት በሽታ ነው። ከጨጓራ በስተኋላ የሚገኘው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ነገር ያመነጫል፤ ይህም ስኳሩ ከደም ወጥቶ ለሰውነት ኃይል እንዲሆን ያደርገዋል። ቆሽቱ ይህን ሥራ ያቋረጠበት ሰው ኢንሱሊንን በመርፌ ካልተቀበለ በሕይወት ሊኖር አይችልም።

ኢንሱሊን ለስኳር በሽተኛ በመርፌ የተሰጠው ጥር 3 ቀን 1914 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ነው። ባንቲንግና ቤስት ከከብት ቆሽት ያወጡት መድኃኒት ገና ያልጠራ ስለ ነበረ፤ ሌናርድ ቶምሰን የተባለው ልጅ የተወጋበት ስፍራ አበጠ፤ ጥቅሙም ጥቂት ሆነ። ኮሊፕ የተባለው ሊቅ መድኃኒቱን ካጠራው በኋላ ግን ጥር 15 ቀን እንደ ገና ተሰጥቶት ልጁ በረታ።

ሰውነት ከውጭ የሚገባበትን ጠላት የሚከላከልበት ኃይል አለው። ነገር ግን የቤት ውሻ እንግዳውን ሌባ መስሎት እንደሚጮኽበት፤ ይህ ኃይል አንዳንድ ጊዜ የሚረዳውን መድኃኒት እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። ይህም አለርጂ ይባላል። ቀድሞ ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ በነበረበት ዘመን ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይታይ ነበር። በ1975 ዓ.ም. በባክቴሪያ አማካይነት የሚሠራው፤ የሰውን የሚመስለው ኢንሱሊን ከተፈቀደ ወዲህ ግን እየቀነሰ ሄዷል። ዛሬም ቢሆን ኢንሱሊኑ ራሱ፤ ወይም እንዳይበላሽና ቀስ ብሎ እንዲሠራ የሚጨመርበት ነገር፤ አንዳንዱን ሰው ያስቈጣዋል።

ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። ቀላሉ የተወጋው ስፍራ መቅላት፤ ማሳከክና ማበጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም በራሱ ይጠፋል። ከባዱ ግን መላ ገላ ሽፍ ሲል፤ ከንፈርና ምላስ ሲያብጥ፤ ትንፋሽ ሲያጥርና ራስን ሲያስት ነው። ይህ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ ይገባዋል፤ የደቂቃዎች መዘግየት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ሕመምተኛው ማሳከኩን ፈርቶ መርፌውን በገዛ ፈቃዱ መተው ነው። ኢንሱሊን የተቋረጠበት ሰው ደሙ በአሲድ ተመርዞ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሐኪም ግን መድኃኒቱን በሌላ ዓይነት ይለውጥለታል፤ ወይም እጅግ ጥቂት ከሆነ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሰውነቱን ያለማምደዋል። ስለዚህ ማሳከክ ያገኘው ሰው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ መድኃኒቱን አይጣል።