«እንደ ራሴ» ብሎ የላከው ገበሬ

ከዳንግላ እስከ እንጅባራ በሚወስደው አውራ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው የአዊ አርሶ አደር ገብሱን፣ ድንቹንና ጤፉን ይዞ ገበያ ሲወጣ ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሣቸው ጉዳዮች የታወቁ ናቸው። ማዳበሪያው በወቅቱ ይደርሳል ወይ? አሲድ ለበላው መሬት ኖራ ይገኛል ወይ? በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ለከሰል የሚተከለውን ዲከረንስ ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለሚያደርቀው በሽታስ ምን መላ አለ? እነዚህን ጥያቄዎች ሰብስቦ ሕግ ከሚወጣበትና በጀት ከሚመደብበት ቤት ማድረስ ያለበት ሰው ሕዝቡ መርጦ የላከው የምክር ቤት አባል ነው።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ሰው «እንደራሴ» ይሉት ነበር። ትርጉሙ ከቃሉ ይነበባል፤ እኔ በሌለሁበት እንደ ራሴ ሆኖ የሚናገርልኝ ማለት ነው። ቃሉ ቀላል ቢሆንም ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያለፉት ዘመናት ታሪክ ያስተምራል።

ባለንብረቱ እንደራሴ

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው ፓርላማ አባላቱን የሚያገኘው በሕዝብ ድምፅ አልነበረም። ገበሬው እንደራሴውን በቀጥታ ለመምረጥ የበቃው የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በተደረገው ምርጫ ነው። በሕጉ መሠረት 200,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርበት አገር አንድ የምርጫ ክልል ሆኖ ሁለት እንደራሴዎችን ለአራት ዓመት ይልክ ነበር። ሆኖም ተመራጩ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላና በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የፖለቲካ ፓርቲም ስላልነበረ ተወዳዳሪው የሚታወቀው በስሙ፣ በዘሩና በሀብቱ ነበር። በአገው ምድርም ሆነ በሌላው የጎጃም አውራጃ አንድ ጥማድ በሬ ይዞ የሚያርሰው ገበሬ ድምፅ መስጠት ቢችልም መመረጡ ግን ይርቀው ነበር።

የእንደራሴው ፈተና የታየው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር አሥራት ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር እንዲከፈል የሚያዘው አዋጅ ፓርላማው ከተከራከረበት በኋላ ወጣ። በወረቀት ሲታይ አዋጁ ሁሉም እንደ ገቢው መጠን እንዲከፍል የታሰበ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን የታየው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ገማች ማሳዬ ድረስ መጥቶ ምርቴን ከገመተ ነገ ቀላድ ይጣላል፣ ቀላድ ከተጣለም ከአባቶቼ የወረስኩት ርስት ይወሰዳል ብሎ ሠጋ።

በፓርላማ እንደራሴዎች ያሉት ይኸው ሕዝብ አቤቱታውን በሽማግሌዎቹ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ይህ ሳይሳካ ሲቀር በብዙ አውራጃዎች ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተ፤ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ አዲሱን ግብር መሰብሰቡ ተቋረጠ፤ የብዙ ዓመት ውዝፍም ተሠረዘ። በምክር ቤት ያለፈው ሕግ ማሳ ላይ ሲደርስ ወደቀ። ፓርላማው ራሱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተበተነ።

ከሸንጎ እስከ ብሔረሰብ ምክር ቤት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ገበሬው በገበሬ ማኅበር ተደራጀ። በ1979 ዓ.ም. 835 አባላት ለብሔራዊ ሸንጎ ተመረጡ። ነገር ግን ዕጩዎች የሚቀርቡት በፓርቲው፣ በብዙኃን ድርጅቶችና በሠራዊቱ በኩል ስለ ነበረ በሩ ለሁሉም የተከፈተ አልነበረም። ሸንጎውም አራት ዓመት ሳይሞላው በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አብሮ አለፈ።

ከዚያ በኋላ በተተከለው ሥርዓት፣ በአዋጅ ቁጥር 59/1994 የጸደቀው የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደር ደነገገ። በዚህም መሠረት አዊ መቀመጫው እንጅባራ የሆነ የራሱ ምክር ቤት አገኘ፤ የሥራ ቋንቋውን የመወሰን ሥልጣንም ተሰጠው። ስለዚህ የተመራጭ ሰው መንገድ ከቀበሌ ተነሥቶ በወረዳ፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር በኩል እስከ አዲስ አበባ ሊዘልቅ ይችላል።

ገበሬውን በቅርብ የሚነካው የመሬት ሕግ በዝርዝር የሚወጣው ባሕር ዳር ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተካሄደው የመሬት ክፍፍል መሬት ላጣው ሲሰጥ ከብዙ አባወራ ይዞታ ላይ ቀንሷል። ቅር የተሰኙትም ልክ እንደ 1960ው አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ የክልሉ ምክር ቤት በ1992፣ በ1998 እና በ2009 ዓ.ም. ሦስት የገጠር መሬት አዋጆች አውጥቷል። የባልና የሚስት ስም አብሮ የሚጻፍበት የይዞታ ደብተር ከገበሬው ሣጥን የገባውም በዚህ ጊዜ ነው። በአዳራሽ ውስጥ የወጣች አንዲት እጅ የስንቱን ማሳ ዕጣ እንደምትወስን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ገበሬው ምን ይጠይቅ?

እንግዲህ የምክር ቤት አባል ሥራ የሚመዘነው በተቀመጠበት ወንበር ቁጥር ወይም በቆየበት ዘመን ብዛት አይደለም። ወደ መራጮቹ ሲመለስ ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አንደኛ፣ ሕጉ ገና ረቂቅ ሳለ መጥቶ አሳወቀን? ሁለተኛ፣ የነገርነውን በምክር ቤቱ ተናገረልን? ሦስተኛ፣ ለመንገድ፣ ለኖራና ለችግኝ በሽታ መከላከያ በጀት ሲመደብ የት ነበር? መልስ ያለው ሰው ዕድር ላይም ገበያ ላይም አይሸሸግም።

መልስ ለሌለውም ሕጉ መፍትሔ አለው። የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። የ1960 ዓ.ም. ገበሬ ይህ መብት አልነበረውምና ቅሬታውን የገለጸው በሽማግሌ፣ ያ ሲያልቅም በጠመንጃ ነው። ዋጋውንም በሕይወቱ ከፍሏል።

እንደራሴነት አደራ ነው። አደራውን የሰጠው ሰው ካልጠየቀ ግን ተቀባዩ የራሱ ሀብት አድርጎ ይቆጥረዋል። ገበሬው ዘሩን ዘርቶ ማሳውን ትቶት እንደማይሄድ ሁሉ ድምፁንም ሰጥቶ መርሳት የለበትም፤ ሁለቱም እስኪደርሱ ድረስ መታረም ይፈልጋሉ።