በወረርሽኝ ወቅት የውስጥ ሰላምን መጠበቅ፦ ከቡድሂዝም የጥሞና ልምምድ የሚገኝ ትምህርት

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ያደረሰው ጉዳት በአካል ላይ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በሽታው በአገራችን መገኘቱ ከተረጋገጠበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኋላ የብዙዎች የዕለት ተዕለት ኑሮ ተናግቶ ነበር። የመያዝ ስጋት፣ የገቢ መቀነስ፣ የታመመን ለመጠየቅና ሐዘንተኛን ቀርቦ ለማጽናናት አለመቻል የአእምሮን ሰላም ያውኩ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ መጨነቅ ተፈጥሯዊ ነው፤ የድክመት ምልክትም አይደለም። ይሁን እንጂ ጭንቀት ሲበረታና ሲራዘም እንቅልፍን ይነሳል፣ የቤተሰብን ሰላም ያደፈርሳል፣ ከበሽታው ለመጠንቀቅ የሚያስፈልገውንም ማስተዋል ይቀንሳል።

የሁለቱ ቀስቶች ምሳሌ

ጭንቀትን በጥሞና የማርገብ ልማድ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል። ከእነዚህ መካከል ረጅም ታሪክ ያለው በቡድሂዝም ውስጥ የዳበረው ልምምድ ነው። የእምነቱ መሥራች ቡድሃ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሰሜናዊ ሕንድ አካባቢ ያስተማረ ሲሆን፣ ከትምህርቶቹ አንዱ የሁለት ቀስቶች ምሳሌ ነው። በቀስት የተወጋ ሰው ወዲያው በሁለተኛ ቀስት ቢወጋ ሕመሙ ይደራረብበታል። የመጀመሪያው ቀስት ከሕይወት የማይለይ መከራ፣ ማለትም ሕመም፣ እጦትና ሞት ነው። ሁለተኛው ቀስት ግን አእምሮ በደረሰው መከራ ላይ የሚጨምረው ፍርሃት፣ ቁጣና ማለቂያ የሌለው «ይህ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ነው።

ወረርሽኙ ለብዙዎች የመጀመሪያው ቀስት ነበር። እርሱን ለመቀነስ ጭምብል ማድረግ፣ አካላዊ ርቀትን መጠበቅና እጅን መታጠብ ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛውን ቀስት ለመቀነስ ደግሞ አእምሮን ማሠልጠን ይቻላል።

ጭንቀት በሰውነት ውስጥ

አእምሮ አደጋ እንደመጣ ሲረዳ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ አተነፋፈስ ይፈጥናል፣ ጡንቻዎች ይወጠራሉ። ይህ ዝግጅት ከድንገተኛ አደጋ ለማምለጥ ይጠቅማል። ነገር ግን ሰውነት በዓይኑ ፊት ያለውን አደጋና በሐሳብ የሚመላለሰውን ስጋት አጥርቶ አይለይም። በመሆኑም ቀኑን ሙሉ አስደንጋጭ ወሬ ሲከታተል የሚውል ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደክማል። በዝግታ መተንፈስ፣ በተለይም ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ሰውነትን የሚያረጋጋውን የነርቭ ሥርዓት ያነቃቃል።

የትንፋሽ ጥሞና አፈጻጸም

በቡድሂዝም ትንፋሽን በማስተዋል የሚደረገው ጥሞና «አናፓናሳቲ» ይባላል። ልዩ ቦታም ሆነ ወጪ አይጠይቅም፤ በቀን 10 ደቂቃ ለጀማሪ በቂ ነው።

1. በወንበር ወይም በምንጣፍ ላይ ጀርባን አቅንቶ፣ ሰውነትን ግን ሳያስጨንቁ መቀመጥ፤ ዓይንን መጨፈን ወይም ወደ መሬት ማሳረፍ።
2. አየር በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ፣ ሆድ ከፍና ዝቅ ሲል ማስተዋል፤ ትንፋሽን በግድ ለመለወጥ አለመሞከር።
3. ሐሳብ ሲሸሽ፣ መሸሹንም ሲያውቁ፣ ራስን ሳይወቅሱ ወደ ትንፋሽ መመለስ።
4. ከመነሳት በፊት ለጥቂት ጊዜ ሰውነትንና በዙሪያ ያለውን ድምፅ ማስተዋል።

ጀማሪዎች ሐሳባቸው ሲበተን ልምምዱ አልሆነልንም ብለው ያቋርጣሉ። ነገር ግን ሐሳብ የማይሸሽበት ሰው የለም። ልምምዱ የሚባለው የሸሸውን ሐሳብ ደጋግሞ መመለሱ ነው።

ከታይላንድ ዋሻ የተገኘ ምሳሌ

በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በሰሜን ታይላንድ 12 ታዳጊ የእግር ኳስ ተጫዋቾችና የ25 ዓመት አሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ በተባለ ዋሻ ውስጥ ሳሉ ጎርፍ መውጫውን ዘጋባቸው። ጠላቂ ዋናተኞች እስኪያገኟቸው ድረስ ዘጠኝ ቀናት ያህል ያለ ምግብ በጨለማ ቆዩ። ቀደም ሲል በቡድሂስት ገዳም የኖረው አሠልጣኝ ልጆቹ እንዲረጋጉና ጉልበታቸውን እንዲቆጥቡ ጥሞናን አስተማራቸው። በኋላም ሁሉም በሕይወት ወጡ።

ከዋሻው ያወጣቸው ጥሞና አልነበረም፤ ከብዙ አገሮች የተሰባሰቡ የነፍስ አድን ባለሙያዎች ጥረት ነበር። የአንድ ጠላቂ ሕይወትም በዚህ ሥራ አልፏል። ሆኖም እርዳታ እስኪደርስ ድረስ መረጋጋት ጉልበትንና ተስፋን ለመጠበቅ ረድቷቸዋል። በለይቶ ማቆያ ወይም በቤት ውስጥ ተለይቶ ለሚቆይ ሰውም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ ጥሞና የሕክምናን ቦታ አይተካም፤ የመጠበቂያውን ጊዜ ግን ያቀልላል።

ሳይንስ ምን ይላል?

አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ይህን ልምምድ ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ለይተው ለሕሙማን ማስተማር ጀመሩ። ሥልጠናው ለስምንት ሳምንታት የሚሰጥ ሲሆን ዛሬ በብዙ አገሮች የጤና ተቋማት ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና 47 የሙከራ ጥናቶችን የመረመረ ግምገማ የጥሞና ሥልጠና የጭንቀትንና የድባቴን ምልክቶች በመጠኑ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ከመድኃኒት ወይም ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አላገኘም። በመሆኑም ጥሞና ጠቃሚ አጋዥ እንጂ ፈውስ ሁሉ ተብሎ ሊታይ አይገባም።

ጥሞና በዕለት ኑሮ ውስጥ

ልምምዱ በመቀመጥ ብቻ አይወሰንም። እጅን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ራሱ የጥሞና ጊዜ ሊሆን ይችላል። የውኃውን ቅዝቃዜ፣ የሳሙናውን ሽታና የጣቶችን እንቅስቃሴ የሚያስተውል ሰው እጁን በሚገባ ያጸዳል፤ አእምሮውንም ለአፍታ ያሳርፋል። በእግር ሲሄዱም እያንዳንዱን እርምጃ ማስተዋል ይቻላል። ስለ ወረርሽኝ የሚነገረውን ዜና ከታመነ ምንጭ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ መከታተልም ሁለተኛውን ቀስት ይቀንሳል።

ሌላው ልምምድ «ሜታ» የሚባለው የመልካም ምኞት ጥሞና ነው። ሰው በመጀመሪያ ለራሱ፣ ቀጥሎ ለሚወደው፣ ከዚያም ለማያውቀውና ለተቀየመው ሰው ጤናንና ሰላምን በልቡ ይመኛል። በቫይረሱ የተያዙ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው መገለል በሚደርስባቸው ወቅት ይህ ልምምድ ልዩ ዋጋ አለው። መገለልን የፈራ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ ለሁሉም አደጋ ነው። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው ብሂል የሚያስታውሰውም ይህንኑ ነው።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

ትንፋሽን ማስተዋል እምነትን መለወጥ አይጠይቅም። ጸሎትንና ሶላትን የሚያዘወትር ሰው በራሱ ሥርዓት ጸንቶ ልምምዱን ሊጠቀምበት ይችላል። ትንፋሹን ማስተዋል ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ በምትኩ የእግሩን መሬት መርገጥ ወይም በዙሪያው ያለውን ድምፅ ቢያስተውል ይሻላል።

የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት ወይም ሳል የታየበት ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ መዘግየት የለበትም፤ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ወዲያውኑ ምክር መጠየቅ ይገባዋል። ጭንቀቱ ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀበት፣ እንቅልፍና ምግብ የከለከለው ሰውም በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን አንድም ቀን ሳይጠብቅ ለሚያምነው ሰው መንገርና ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ የሰማውም ቤተሰብ ብቻውን ሊተወው አይገባም።