ታናናሾቻችን «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» ሲሉን



ለእረፍት ቤት ስንገባ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ታናናሾቻችን «ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል?» ይሉናል። ብዙዎቻችንም «ጎበዝ ከሆንክማ ናቹራል ነዋ!» ብለን እናልፋለን። ከመካከላችን እንዲህ ባለ ምክር ገብተን ሁለት ዓመት የተንገላታን አለን። ምክር አማና ነውና ረጋ ብለን እናስረዳቸው።

ምርጫው 11ኛ ክፍል ላይ ቢሆንም እስከ ግቢ ይከተላቸዋል። በ12ኛ ክፍል ፈተና እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ ለሁለቱም አለ። ናቹራል በዚያ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ሶሻል ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ የሚመኝ ልጅ ሶሻል ከገባ በሩ ይዘጋበታል። ሕግ ወይም አካውንቲንግ የሚወድ ደግሞ ከፊዚክስ ጋር የሚታገልበት ምክንያት የለም።

«ሒሳብ ስለሚከብደኝ ሶሻል» ማለትም አያዋጣም። ሒሳብ እዚያም ይጠብቃቸዋል፤ ኢኮኖሚክስም ያለ ሒሳብ አይገፋም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃቸው፦

1. ግቢ ስትገቡ ምን መማር ትፈልጋላችሁ?
2. በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ጥሩ ውጤት ያመጣችሁት በየትኞቹ ትምህርቶች ነው?
3. ምርጫው የራሳችሁ ነው ወይስ የጓደኛ?

«ልጄ ሐኪም ይሁንልኝ» የሚሉ ወላጆቻችንንም በአክብሮት እንስማ፤ ፈተናው ላይ የሚቀመጠው ግን ልጁ መሆኑን በለሰለሰ አንደበት እንንገራቸው። ከምክክሩ በኋላ ኢስቲኻራ ይስገዱ። አላህ ኸይሩን ይምረጥላቸው።