ማንም ሳይከለክለው የሚጠፋ ቋንቋ

በደቡብ ምዕራብ ፓስፊክ በምትገኘው በፓፑዋ ኒው ጊኒ ከ800 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከእነዚህ አንዱ ታያፕ የተባለው ነው። ታያፕ ጋፑን ከምትባል አንዲት መንደር በቀር አገር የለውም። መንደሪቱም በሴፒክና በራሙ ወንዞች መካከል በተዘረጋው ረግረጋማ ጫካ ውስጥ ትገኛለች። ሊቃውንት ለቋንቋው ዘመድ ቢፈልጉ አላገኙለትም።

አንባቢ፣ «ተናጋሪው ጥቂት የሆነ ቋንቋ ቢጠፋ ምን ይደንቃል?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የታያፕ ተናጋሪዎች ድሮም ቢሆን ከ150 ሰው ገደማ በልጠው እንደማያውቁ ይገመታል። ቋንቋው ግን በዚሁ ቁጥር ትውልድ ሲቀበለው ኖሯል። የጋፑን ሰዎች የጎረቤቶቻቸውንም ልሳኖች ይናገሩ ነበር፤ የጎረቤትን ማወቅም የራስን አያስረሳም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ጦር አካባቢውን በያዘ ጊዜ ሰዎቹ መንደራቸውን ጥለው ጫካ ገብተው ብዙዎች አለቁ። ታያፕ ከዚያም መዓት ተርፏል።

ቋንቋው ድኻ አይደለም። በአንድ ግሥ ውስጥ አድራጊውንም ተደራጊውንም አጣምሮ ይይዛል። ረጅምና ቀጭን ነገር በወንድ ጾታ፣ አጭርና ድንቡሽ ያለው በሴት ጾታ ይጠራል። ትንሹን ቤት «ትንሿ ቤት» ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንብንም።

ታዲያ ምን ነካው? በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመንደሪቱ ወንዶች በሩቅ ደሴት ወደሚገኝ የኮኮነት እርሻ ለሥራ ሄደው ሲመለሱ የብረት ቢላዋና መጥረቢያ፣ ጨርቅና ቶክ ፒሲን የተባለውን የመግባቢያ ቋንቋ ይዘው መጡ። ከየአገሩ ተሰባስቦ በአንድ ሠፈር የሚውል ወታደር እንዲህ ያለ መግባቢያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃልና በቶክ ፒሲን ላይ የምንሰነዝረው ወቀሳ የለንም።

ዶን ኩሊክ የተባለው የሥነ ሰብእ ሊቅ በ1980ዎቹ አጋማሽ ጋፑን ሲገባ ታያፕን የሚናገሩት 90 ያህል ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑት ሕፃናት ግን አይናገሩትም ነበር። ወላጆችን ቢጠይቅ፣ እንቢ ያሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የሚል መልስ አገኘ። እርሱ በየቤቱ ተቀምጦ ያስተዋለው ግን ሌላ ነው። እናት ከጎረቤቷ ጋር በታያፕ ታወራና ወደ ልጅዋ ዞር ስትል፣ ሳይታወቃት፣ በቶክ ፒሲን ትቀጥላለች።

ከዚህ በስተጀርባ አንድ እምነት አለ። በጋፑን አስተሳሰብ በሰው ውስጥ ሁለት ነገሮች ይኖራሉ፤ አንዱ «ሄድ» የሚሉት ግትርነት ሲሆን ሁለተኛው «ሳቬ» የሚሉት ዕውቀትና ማስተዋል ነው። ሕፃን በግትርነት ይወለዳል። ስለዚህም የመጀመሪያ ቃሉ «ኦኪ» ነው ይላሉ፤ በታያፕ «ልሄድ ነው» ማለት ነው። ማስተዋል ቀስ ብሎ ይመጣል። ይህ ማስተዋል ከጊዜ በኋላ ከወንዶች ንግግር፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከቶክ ፒሲን ጋር ተቆራኘ፤ ታያፕ ግን ከአሮጌው ዘመንና ከሴቶች ቁጣ ጋር ተመደበ። ለልጁ ማስተዋልን የሚመኝ ወላጅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያናግረው ግልጽ ነው። አዋጅም ሆነ ጅራፍ አላስፈለገም።

በ2010ዎቹ የመንደሪቱ ሕዝብ 200 ያህል ሲደርስ የታያፕ ተናጋሪዎች ከ50 በታች ወረዱ። የሰዋስው መጽሐፉ በ2019 ታትሟል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የገረመን የወጣቶቹ ነገር ነው። በመንደር መካከል ታያፕን ሲናገሩ የማይሰሙት ወጣቶች፣ ኩሊክ ለብቻቸው አድርጎ ተረት እንዲነግሩት ሲጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ በታያፕ ተረኩለት፤ አንዳንዶቹም አሳምረው። ከዚያ ቤት ሲወጡ ግን ይተዉታል። ቃል ቢሳሳቱ ሽማግሌዎቹ ይስቁባቸዋልና።