በውሃ የሚዘጋጅ የሕትመት ቀለም ለሠራተኛው ጤንነት

የኢትዮጵያ ብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ጥላሸትና የተቆላ እህል በውሃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ ነው። በመካነ ሰላም ገበያ በብስኩት ማሸጊያ ላይ የሚታየው ዓይነት ሕትመት ግን ብዙውን ጊዜ ቶሉይንና ኤቲል አሲቴትን በመሳሰሉ ተቀጣጣይ ማሟሚያዎች የተዘጋጀ ቀለም ይጠቀማል። የቶሉይን ትነት ራስ ምታትና ማዞር ያስከትላል፤ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ነርቭን ይጎዳል።

በተቀረጸ ሲሊንደር ሲታተም ቀለሙ ጥቃቅን ጉድጓዶችን ይሞላል፤ ትርፉ በስለት ተጠርጎ የቀረው ወደ ማሸጊያው ይተላለፋል፤ ወዲያውም መድረቅ አለበት። ውሃ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለማትነን ከቶሉይን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ያስፈልጋል፤ በፕላስቲክ ላይም ተዘርግቶ ከመያዝ ይልቅ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጉድጓዶቹ ጥልቀታቸው እንዲቀንስ፣ ቀለም ሰጪው ዱቄት እንዲበዛ፣ ማድረቂያው እንዲጠናከር ይደረጋል።

ማያያዣው ብዙ ጊዜ በአሞኒያ ረዳትነት በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ ሙጫ ነው። አሞኒያው ሲተን ሙጫው ውሃ የማያስለቅቀው ይሆናል፤ ይህ በማሸጊያው ላይ ጥቅም፣ በሲሊንደሩ ላይ ግን ጉዳት ነው፤ ጉድጓዶቹን ይደፍናልና። የቀለሙን ፒኤች በየጊዜው እየለኩ ከ8 እስከ 9 አካባቢ ማቆየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«በውሃ የተሠራ» መባሉ ከጥንቃቄ ነፃ አያደርግም። አሞኒያ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል።